እጅ ሲያጥር በእጅ ማዘዝ፦ ለዴስክቶፕ ኮምፒውተር ርካሽ የእጅ ምልክት ካሜራ እንዴት ይመረጣል?

ኮምፒውተሩን ሳይነካ በእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ማዘዝ ለሚፈልግ ሰው የቀረበው ምርጫ ብዙ ነው። በተራ ዌብካም የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ባለቀለም ጓንት አለ፤ ዓይናችን በማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን የምታይ፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ዕቃ አለች፤ ርቀት የሚለካ ካሜራም አለ። ማሳያ ቪዲዮ ላይ ሁሉም እንከን የለውም። ጉድለቱ የሚወጣው ቤት ገብቶ በሦስተኛው ቀን ነው። አንዱ መጋረጃው ሲገለጥ ይታወራል፤ ሌላው ፊታችሁን እጅ ነው ብሎ ይይዛል፤ ሌላው ሳታዙት ፋይል ይከፍታል። ከዚያ ነገሩ እጅ እጅ ይላል፤ ማውሱም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ስለዚህ እዚህ ላይ አማራጮቹን የማወዳድረው ሲሳሳቱ እንዴት እንደሚሳሳቱ እያየሁ ነው። የትኛውን ስህተት መቻል እንደምትችሉ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

መጀመሪያ ሥራው

በእጅ ምልክት የሚሠራ ሥራ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ትእዛዝ ነው፦ ስላይድ ማሳለፍ፣ ሙዚቃ ማቆም፣ ድምፅ መቀነስ፣ ገጽ መግለጥ። ካሜራው የሚጠየቀው "ይህ የተዘረጋ መዳፍ ነው ወይስ ጭብጥ?" የሚለውን ብቻ ስለሆነ መልሱ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ እንኳ ሥራው አይበላሽም። ሁለተኛው ጠቋሚ መንዳት ነው፦ ጣት ሲንቀሳቀስ ከርሰሩ አብሮት እንዲሄድ፣ ቆንጠጥ ሲደረግ ክሊክ እንዲሆን። እዚህ ላይ የሰከንድ አንድ አሥረኛ መዘግየት ወዲያው ይሰማል፤ የጥቂት ፒክስል መንቀጥቀጥም ትንሿን ቁልፍ ያስታል።

ብዙ ሰው ሁለተኛውን አስቦ ይጀምርና የሚዘልቀው በአንደኛው ነው። እኔም የተማርኩት እንደዚያው ሆኜ ነው። ምክንያቱ ክንድ ነው። ማውስ የያዘ እጅ ጠረጴዛ ላይ አርፏል፤ ስክሪን ፊት የተንሳፈፈ እጅ ግን የራሱን ክብደት ተሸክሟል። ቀጥ ብለው በቆሙ የንክኪ ስክሪኖች ላይ ይህ ችግር ገና ድሮ ታይቶ "የጎሪላ ክንድ" የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ካሜራው የፈለገውን ያህል ቢሻሻል ትከሻችን ያው ትከሻ ነው።

ሠንጠረዥ ለመሙላት፣ ለንድፍ ሥራ ወይም ቀኑን ሙሉ ለመጻፍ ካሰባችሁት እዚህ ላይ ብታቆሙ ይሻላል። ቆሞ ለሚያስተምር ሰው፣ እጁ በዘይት ወይም በሊጥ ለተነከረ፣ ከኮምፒውተሩ ሁለት ሜትር ርቆ ለሚቀመጥ፣ ብዙ ሰው የሚነካካውን ስክሪን መንካት ለማይፈልግ፣ ወይም ኮምፒውተር እንዴት እንደሚያይ ለመማር ለሚፈልግ ግን ጥሩ ነገር ነው። ማውስ መያዝ ለሚያስቸግረው ሰውም ሊጠቅም ይችላል፤ ነገር ግን ሞዴሎቹ፣ ማለትም ከብዙ ምስል ተምረው እጅን የሚለዩት ፕሮግራሞች፣ የተሠሩት አምስት ጣት ያለውንና እንደ ልብ የሚታጠፈውን እጅ አስበው ስለሆነ በመጀመሪያ በነጻው ፕሮግራም ይሞከር። ለአንዳንዱ ሰው እጅን ትቶ የጭንቅላትን እንቅስቃሴ የሚከታተል ፕሮግራም ይቀለዋል።

ተራ ዌብካም ከእጅ ሞዴል ጋር

አብዛኛው አንባቢ እዚሁ ክፍል ላይ ቢቆም አይከፋኝም። ላፕቶፑ ላይ ያለው ካሜራ ወይም በዩኤስቢ የሚሰካው ርካሹ ይበቃል።

ይህን ያስቻለው ጉግል በ2019 እ.ኤ.አ. (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሚዲያፓይፕ በተባለው ነጻ የፕሮግራም ስብስቡ ውስጥ ያወጣው የእጅ መከታተያ ነው። አሠራሩ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ በምስሉ ላይ መዳፍ ይፈልጋል። ጣቶችን ትቶ መዳፍን የሚፈልገው በምክንያት ነው፤ ጣት ይታጠፋል፣ ይደራረባል፣ ይደበቃል፤ መዳፍ ግን ቅርጹን ብዙ አይለውጥም፣ በካሬ ሊከበብም ይችላል። መዳፉ ከተገኘ በኋላ ሁለተኛው ሞዴል በእጁ ላይ 21 ነጥቦችን ያስቀምጣል፦ ከአንጓ 0 ተነስቶ የአውራ ጣት ጫፍ 4፣ የጠቋሚ ጣት ጫፍ 8፣ የመሃል ጣት 12 እያለ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ 20 ድረስ። ከዚያ በኋላ ባለው ፍሬም (በቪዲዮው ቀጣይ ነጠላ ምስል) መዳፍ ፍለጋው አይደገምም፤ ያለፈው ፍሬም ነጥቦች እጁ የት አካባቢ እንዳለ ይናገራሉ። ፍለጋው የሚደገመው እጁ ሲጠፋ ብቻ ነው። ግራፊክስ ካርድ የሌለው መካከለኛ ላፕቶፕ ይህን ሁሉ መሸከም የቻለው በዚህ ብልሃት ነው።

ትእዛዝ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ሰባት ምልክቶችን የሚለይ ዝግጁ ሞዴል አብሮ ይመጣል፦ ጭብጥ፣ የተዘረጋ መዳፍ፣ ወደ ላይ የተቀሰረ ጣት፣ አውራ ጣት ወደ ላይ፣ አውራ ጣት ወደ ታች፣ ሁለት ጣት፣ እና በምልክት ቋንቋ "እወድሃለሁ" ለማለት የሚታወቀው። ከሰባቱ ውስጥ ሦስት ወይም አራት መርጣችሁ ብትይዙ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን የሚረሳው ሰውየው ነው።

ሲሳሳት እንዴት ነው? አንደኛ፣ የተደበቀ ጣትን ይገምታል፤ ግምቱን ደግሞ እንዳየው ሁሉ በልበ ሙሉነት ነው የሚያቀርበው። እጃችሁን ጎን አዙራችሁ ለካሜራው ካሳያችሁት ከኋላ ያሉት ሦስት ጣቶች ታጠፉም አልታጠፉ መልሱ ሊዋዥቅ ይችላል። ስለዚህ ምልክት ስትመርጡ መዳፍ ወይም የእጅ ጀርባ ለካሜራው ፊት ለፊት የሚታይበትን ምረጡ።

ሁለተኛ፣ ጥልቀትን በትክክል አያውቅም። የሚሰጠው የጥልቀት ቁጥር ከአንጓው አንጻር የተገመተ ነው፤ እጁ ከካሜራው ስንት ሴንቲሜትር እንደራቀ አይነግራችሁም። "ጣቴን ወደ ስክሪኑ ስገፋ ክሊክ ይሁን" የሚል ሐሳብ በአንድ ተራ ካሜራ የሚከሽፈው ለዚህ ነው። በእሱ ፋንታ ቁንጥጫ ይሻላል፦ በነጥብ 4 እና በነጥብ 8 መካከል ያለውን ርቀት መለካት። ርቀቱን ግን በፒክስል ብቻ አትለኩት፤ እጅ ወደ ካሜራው ሲቀርብ ሁሉም ነገር ይሰፋልና። ከአንጓው (0) እስከ መሃል ጣት ሥር (9) ባለው ርዝመት አካፍሉት፤ ያኔ ቅርብም ሆነ ሩቅ ያው ይሆናል።

ሦስተኛው ስህተት አስቂኝ ነው። ከርሰሩን በጠቋሚ ጣት ጫፍ እየነዳችሁ በዚያው ጣት ብትቆነጥጡ፣ ጣቱ ወደ አውራ ጣት ሲወርድ ከርሰሩም አብሮ ይወርዳል፤ ክሊኩ ከቁልፉ በታች ይወድቃል። አባቶቻችን ይህን ጣት ሌባ ጣት ያሉት ወደው አይደለም! መፍትሔው ከርሰሩን በጣቱ ጫፍ ሳይሆን በጣቱ ሥር፣ ማለትም በነጥብ 5 መንዳት ነው። ሥሩ ሲቆነጠጥ ብዙም አይነቃነቅም።

የቆዳ ቀለምን መፈለግ

ከሞዴሎቹ በፊት የነበረው መንገድ ይህ ነው፤ ዛሬም በማስተማሪያ ጽሑፎች ሞልቷል። ምስሉ ወደ ሌላ የቀለም ሥርዓት ይለወጣል፣ የቆዳን ቀለም የሚመስለው ሁሉ ይቀራል፣ የቀረው ደግሞ ኦፕንሲቪ በተባለው የምስል መተንተኛ መሣሪያ ዙሪያው ይከበብና በጣቶች መካከል ያሉት ጎድጓዳ ክፍተቶች ይቆጠራሉ። አራት ክፍተት ካለ አምስት ጣት ተዘርግቷል ማለት ነው።

ለመማር ደስ ይላል፤ ለመጠቀም ግን አልመክረውም። ፊትም ቆዳ ነው፣ ክንድም ቆዳ ነው፤ የእንጨት ጠረጴዛና ቡናማ በር ደግሞ ቆዳ ባይሆኑም ይመስሉታል። ከዚህ የባሰው ነገር በየኮዱ ተጽፎ የሚገኘው የቀለም ገደብ አንድ ሰው በራሱ እጅና በራሱ ክፍል መብራት የለካው መሆኑ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ወይም ቢጫ አምፖል ሥር ያው ቁጥር ባዶ ምስል ሊመልስ ይችላል። ሁልጊዜ እንደ አዲስ መለካት አለበት፤ ደመና ባለፈ ቁጥርም እንደገና።

ቀለም መልበስ

ይህኛው አማራጭ ተንቋል ብዬ አምናለሁ። ኮምፒውተሩ በጣም ደካማ ከሆነ፣ ወይም ሞዴል መጫን ካልተቻለ፣ የጣት ጫፍ ላይ ደማቅ ቀለም ያለው ነገር ማድረግ ስሌቱን ወደ ምንም ያወርደዋል። በ2009 ፕራናቭ ሚስትሪ በኤምአይቲ ሚዲያ ላብ "ሲክስዝ ሴንስ" ብሎ ያሳየው ሥራ ጣቶቹ ላይ ባለቀለም ክዳን አድርጎ ነበር የሚሠራው። በዚያው ዓመት በዚያው ተቋም ሮበርት ዋንግና ዮቫን ፖፖቪች ከዚህ የረቀቀ ነገር አቀረቡ፦ በ10 ቀለም የተሠሩ 20 ንጣፎች ያሉበት የጨርቅ ጓንት። ጓንቱ በወቅቱ አንድ ዶላር ገደማ ነበር የሚያወጣው፤ ካሜራውም አንድ ተራ ዌብካም ነበር። ፕሮግራሙ የጓንቱን ምስል ያሳንሰውና አስቀድሞ ከተዘጋጀ የእጅ አቀማመጥ ክምችት ውስጥ የሚመስለውን ይፈልጋል። የቀለሞቹ አደራደር እያንዳንዱን አቀማመጥ ከሌላው ስለሚለየው መዳፉ ከፊት ይሁን ከኋላ፣ ጣቱ የትኛው ይሁን አይምታታም።

ቀለል ባለ መልኩ ቤት ውስጥ ለመሥራት አንድ ወይም ሁለት ቀለም ይበቃል። አረንጓዴና ሮዝ ጥሩ ናቸው፤ ቀይና ቢጫ ከቆዳና ከመብራት ጋር ይጋጫሉ። የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ራቁ፤ ብርሃን ሲያርፍበት ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ስህተቱ ግልጽ ነው፦ ያንን ቀለም ሸሚዝ የለበሰ ሰው ከኋላችሁ ካለፈ ከርሰሩ ተከትሎት ይሄዳል። ሌላው ጉድለት ስንፍና ነው። ማንም ሰው ሙዚቃ ለማቆም ብሎ ጓንት አያጠልቅም።

የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ መንገድ አለ፦ በጣት ላይ አንጸባራቂ ፕላስተር ማድረግና ኢንፍራሬድ ብርሃን ማብራት። ጆኒ ቹንግ ሊ በ2007 የኔንቲዶን ዊ የጨዋታ መቆጣጠሪያ ገልብጦ እንደ ካሜራ ሲጠቀምበት ያሳየው ይህን ነው። በመቆጣጠሪያው ጫፍ ያለው የኢንፍራሬድ ካሜራ እስከ አራት ብሩህ ነጥቦችን ራሱ ለይቶ ቦታቸውን በቁጥር ይልካል፤ ኮምፒውተሩ ምስል ማየት እንኳ አያስፈልገውም። አሮጌ መቆጣጠሪያ እጁ ላይ ላለ ሰው የአንድ ቅዳሜ ጨዋታ ነው።

ኢንፍራሬድ ባለ ሁለት ዓይን

ገንዘብ የሚወጣበት የመጀመሪያው ደረጃ እዚህ ነው። ሊፕ ሞሽን በሐምሌ 2013 እ.ኤ.አ. በ79.99 ዶላር የወጣ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ውስጡ ሁለት የኢንፍራሬድ ካሜራዎችና ሦስት የኢንፍራሬድ መብራቶች አሉት። ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ወደ ላይ ያያል፤ እጅ ከላዩ ይንሳፈፋል። ብርሃኑን ራሱ ስለሚያመጣ ክፍሉ ቢጨልም ግድ የለውም። የብርሃኑ ጉልበት በርቀት ቶሎ ስለሚደክም ደግሞ ቅርብ ያለው እጅ ደምቆ፣ ሩቅ ያለው ጣሪያ ጨልሞ ይታያል። ሁለት ዓይን ስላለው ርቀትን በእውነት ይለካል። ከተራ ዌብካም ጋር ያለው ልዩነት በቁንጥጫና በመግፋት ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኩባንያው በ2019 ተሸጦ አልትራሊፕ ሆኗል፤ ሁለተኛው ትውልድ በ2023 ወጥቷል።

ስህተቱስ? ፀሐይ። የፀሐይ ብርሃን ኢንፍራሬድ የሞላበት ስለሆነ በመስኮት የገባ ጨረር እጁን ያሳጣዋል። መስታወቱም በንጽሕና መያዝ አለበት፤ የጣት ቅባት ሲነካው ምስሉ ይደበዝዛል። ከታች ወደ ላይ ስለሚያይ ጭብጥ ሲደረግ ወይም እጅ በቁሙ ሲዞር ጣት ከጣት ይሸፈንበታል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሶፍትዌሩ። በ2016 የወጣው የተሻሻለው ሥሪት ለዊንዶውስ ብቻ ስለነበር የሊኑክስና የማክ ተጠቃሚዎች ለዓመታት በአሮጌው ቀርተዋል። ያገለገለ ዕቃ የምትገዙ ከሆነ ለዚያ ሞዴልና ለእናንተ ሲስተም የሚሆነውን ሶፍትዌር አስቀድማችሁ አውርዳችሁ ያዙ። ሶፍትዌር የሌለው ዳሳሽ የወረቀት መጫኛ ነው።

የሚሸጥ ሳይገዙ ኢንፍራሬድ ለመሞከር ርካሽ ዌብካም መክፈትም ይቻላል። ብዙ ዌብካሞች ሌንሳቸው ኋላ ኢንፍራሬድ የምትከለክል ቀጭን መስታወት አለቻቸው፤ እሷን አውጥቶ በቦታዋ የሚታየውን ብርሃን የሚከለክል ነገር፣ ለምሳሌ ብርሃን መትቶት የታጠበ ጥቁር የፎቶ ፊልም፣ ማድረግ ነው። ጥቂት የኢንፍራሬድ መብራቶች ከተጨመሩ እጅ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ያን ካሜራ ግን ዳግም ለቪዲዮ ስብሰባ አታገኙትም፤ ቀለሙ ሁሉ ይዛባል።

ርቀት የሚለኩ ካሜራዎች

ለጨዋታ የተሠራው የማይክሮሶፍት ካሜራ፣ ኪኔክት፣ በኅዳር 2010 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ነጻ ድራይቨር (ዕቃውን ከኮምፒውተር ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ለመጻፍ ቀናት ብቻ ነበር የወሰደው። ዛሬ ያገለገለ ኪኔክት በርካሽ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ይፈተናል። ለጠረጴዛ ሥራ ግን አይሆንም። የመጀመሪያው ኪኔክት ከ80 ሴንቲሜትር ያነሰውን ርቀት በአግባቡ አያይም፤ ዴስክቶፕ ፊት የተቀመጠ ሰው እጅ ደግሞ ከዚያ ይቀርባል። የማይክሮሶፍት መሣሪያ የሚከታተለው የሰውን ሙሉ አካል በ20 መገጣጠሚያ ሲሆን እጅ ለእሱ አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ጣት የሚባል ነገር አያውቅም። ሁለተኛው ትውልድ አውራ ጣትንና የእጅን ጫፍ ጨምሯል፤ ግን ዩኤስቢ 3.0 ይፈልጋል፣ በኮምፒውተር ለመጠቀም የራሱ የኃይል ማስተላለፊያም ያስፈልገዋል። ምርቱ በ2017 ቆሟል።

ታዲያ ለምን ይጠቀሳል? ለቆመ ሰው ስለሚያገለግል። ሁለት ሜትር ርቆ ቆሞ ክንዱን ግራና ቀኝ ለሚያወዛውዝ አስተማሪ ወይም ለአንድ ትዕይንት ክፍል ኪኔክት አሁንም የሚናቅ አይደለም። ከኋላው ሰው ቢያልፍ በርቀቱ ይለየዋል፤ ተራ ካሜራ ይህን አይችልም። ከዚህ ውጭ ያሉት እንደ ሪልሴንስ ያሉ አዳዲስ የርቀት ካሜራዎች ለሮቦት ሥራ የሚሆኑ ጥሩ ዕቃዎች ናቸው፤ ስላይድ ለማሳለፍ ግን ዝንብ በመዶሻ ነው።

ካሜራውና ቦታው

ዌብካሙን ከመረጣችሁ ሻጩ የሚያሞግሰው የፒክስል ብዛት ብዙ አይጠቅማችሁም። ሞዴሉ ምስሉን አሳንሶ ነው የሚያየው፤ 640 በ480 ይበቃዋል። የሚጠቅመው የፍሬም ፍጥነት ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም ማለት በሁለት ምስል መካከል 33 ሚሊሰከንድ ማለት ነው፤ 60 ከሆነ ወደ 17 ይወርዳል። በ2007 የወጣው የፕሌይስቴሽን 3 ካሜራ፣ ፕሌይስቴሽን አይ፣ እስካሁን በነካኪዎች ዘንድ የሚወደደው ለዚህ ነው፦ በ640 በ480 ላይ 60 ፍሬም፣ በ320 በ240 ላይ 120 ይሰጣል። ሊኑክስ ያለ ምንም ጣጣ ያውቀዋል፤ ዊንዶውስ ላይ ግን ልዩ ድራይቨር መፈለግ ግድ ነው።

ጥራቱን ከፍ ማድረግ ሥራውን የሚያዘገይበት ጊዜም አለ። ያልታመቀ 1280 በ720 ምስል በ30 ፍሬም በሰከንድ 55 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ዩኤስቢ 2.0 ይህን በተግባር አያሳልፍም። ካሜራው ወይ ምስሉን ያምቃል፣ ወይ ፍሬሙን ይቀንሳል። "ኤችዲ አደረግኩትና ተንቀራፈፈ" የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ እዚህ ላይ እዩ።

ብርሃን ሲያንስም ያው ነው። ካሜራው ምስሉን ለማድመቅ ሲል ቀዳዳውን ረዘም ላለ ጊዜ ይከፍታል፤ 30 የነበረው ፍሬም ወደ 15 ይወርዳል፣ የሚንቀሳቀስ ጣትም ጥላ ይሆናል። አዲስ ካሜራ ከመግዛት አንድ የጠረጴዛ መብራት ከፊት ማብራት ይሻላል። ከኋላ የሚመጣ ብርሃን ግን ጠላት ነው፤ ጀርባችሁ መስኮት ከሆነ ወንበሩን አዙሩ።

አሁን ብዙ ሰው የማይሞክረውን ልንገራችሁ፦ ካሜራውን ከስክሪኑ አናት አንሡት። በመብራት ክንድ ወይም በመጽሐፍ ቁልል አጠገብ በቆመ ዘንግ ላይ አስራችሁ ጠረጴዛውን ቁልቁል እንዲያይ አድርጉት። እጁ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ የጎሪላ ክንድ ቀረ። መደቡ የጠረጴዛው ገጽ ብቻ ይሆናል፤ ፊት የለም፣ ከኋላ የሚያልፍ ሰው የለም። ርቀቱም ስለማይለዋወጥ ገደቦቻችሁ አይዛቡም። ሌላው ቀርቶ የቆዳ ቀለም ዘዴ እንኳ በጥቁር ጨርቅ ላይ በዚህ አቀማመጥ ሰው ይመስላል። ካሜራው የቤቱን ሰው ሁሉ ሲያይ አለመዋሉም ራሱን የቻለ ጥቅም ነው።

ከዕቃው ይልቅ ፕሮግራሙ ሲያጠፋ

ካሜራው ተወቅሶ የተጣለበት ግማሹ ጉዳይ የኮድ ጉዳይ ነው። በፓይተን የሚጽፉ ጀማሪዎች ማውሱን የሚያንቀሳቅሱት በአብዛኛው በፓይኦቶጂዩአይ ነው። ይህ መሣሪያ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በኋላ 0.1 ሰከንድ እንዲያርፍ ሆኖ ነው የተሠራው። በየፍሬሙ ከርሰር ስታንቀሳቅሱ ፕሮግራሙ በሰከንድ ከአሥር ጊዜ በላይ መሮጥ አይችልም ማለት ነው። ዕረፍቱን ዜሮ አድርጉት፤ ካሜራ የተቀየረ ይመስላችኋል። ከርሰሩ የስክሪኑ ጥግ ሲደርስ ፕሮግራሙ የሚቋረጠውም በዚሁ መሣሪያ የደኅንነት ሕግ ነው፤ ብልሽት አይደለም።

ሌሎችም አሉ። ሊኑክስ ላይ መስኮቶችን በስክሪን የሚያሳየው ሥርዓት፣ ዌይላንድ፣ አንድ ፕሮግራም የሌላውን መስኮት በሐሰተኛ ክሊክ እንዲያዝ አይፈቅድም፤ ወይ ወደ አሮጌው ሥርዓት፣ ወደ ኤክስ 11፣ መመለስ ወይም በከርነሉ (በሲስተሙ እምብርት) በኩል ሐሰተኛ ማውስ መፍጠር ያስፈልጋል። ማክ የተደራሽነት ፈቃድ ይጠይቃል። ዊንዶውስ ላይ በአስተዳዳሪ መብት የተከፈተ መስኮት ተራውን ፕሮግራም አይሰማም። ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁ ሲስተም የትኛው እንደሆነ እወቁ።

ከርሰሩ እየተንቀጠቀጠ ካስቸገረ አማካይ መውሰድ ብቻውን አይበቃም፤ መንቀጥቀጡን ሲያጠፋ መዘግየትን ይጨምራል። በ2012 ካዚየ፣ ሩሰልና ፎግል ያቀረቡት "የአንድ ዩሮ ማጣሪያ" ይህን በሚያምር መንገድ ፈትቶታል፦ እጁ ሲዘገይ አጥብቆ ያለሰልሳል፣ ሲፈጥን ይለቃል። ጥቂት መስመር ኮድ ነው፤ የሚስተካከሉት ቁጥሮችም ሁለት ናቸው።

የመጨረሻውና ከባዱ ነገር ያልታዘዘ ትእዛዝ ነው። ሰው ሲያወራ እጁን ያወናጭፋል፤ አፍንጫውን ያካል፤ ሻይ ያነሳል። ሮበርት ጄከብ በ1990 በዓይን ስለሚታዘዝ ኮምፒውተር ሲጽፍ የነካው ሁሉ ወርቅ በሆነበት በንጉሥ ሚዳስ የጠራው ችግር ለእጅም ያው ነው፦ ያየው ሁሉ ትእዛዝ ይሆናል። የሚረዱ ሦስት ልማዶች አሉ። ምልክቱ ለጥቂት ፍሬሞች፣ ለምሳሌ ለግማሽ ሰከንድ፣ ሳይለወጥ ካልቆየ አትቀበሉት። ለቁንጥጫ ሁለት ገደብ አድርጉ፤ የሚይዝበት ጠበብ፣ የሚለቅበት ሰፋ ይበል፤ አለዚያ ድንበር ላይ ሆኖ አሥር ጊዜ ክሊክ ያደርጋል። ሦስተኛው፣ ማዳመጥ የሚጀምርበትን ነገር ለዩ፤ ግራ እጅ ኪቦርድ ላይ አንድ ቁልፍ እስከያዘ ድረስ ብቻ ቀኝ እጅ እንዲሰማ ማድረግ ከሁሉም ይበልጣል። ቁልፍ መያዝ የማይቻልበት ሥራ ከሆነ የተዘረጋ መዳፍ "ስማኝ" ይሁን።

እኔ ብሆን

ስላይድና ሙዚቃ ከሆነ ምንም አልገዛም፤ ያለውን ዌብካም ከሚዲያፓይፕ ጋር አድርጌ ሦስት ምልክት እይዛለሁ። እጅ በሚበላሽበት የሥራ ቦታም ያንኑ አደርጋለሁ፤ ጓንት የሚጠለቅ ከሆነ ግን የጓንቱ ቀለም ለሞዴሉ እንደሚስማማው መጀመሪያ አየዋለሁ፤ ካልተስማማው ደግሞ ደማቁን ጓንት ራሱን ምልክት አደርገዋለሁ። በሦስት አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ ነገር ማዞርና መቅረጽ ከሆነ ባለ ሁለት ዓይኑን ኢንፍራሬድ እገዛለሁ፤ እዚያ ላይ ተራው ካሜራ ለመኮረጅ ይሞክራል እንጂ አይችልም። ኮምፒውተሩ አሮጌ ከሆነ ባለቀለም ጣት። ቆሞ ለሚንቀሳቀስ ሰው፣ ያገለገለ ኪኔክት ከነድራይቨሩ ከተገኘ። የቆዳ ቀለሙን ዘዴ አንድ ጊዜ ጽፌ፣ ተምሬበት፣ እተወዋለሁ።

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ግን ይህን ፈተና አድርጉ። ስልካችሁን ዌብካም የሚያደርግ ፕሮግራም ጫኑ፣ ካሜራውን ልታኖሩት ባሰባችሁበት ቦታ አቁሙት፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አምስት አምስት ደቂቃ የእጅ ነጥቦቹን በስክሪን ላይ እያያችሁ ሥራችሁን ሥሩ። በትእዛዝ ጊዜ ስንቴ እንዳልሰማችሁ ቁጠሩ፤ ሳታዙት ስንቴ እንደሰማችሁም ለብቻው ቁጠሩ። ሁለተኛው ቁጥር ከዜሮ በላይ ከሆነ ፋይል የሚሰርዝ፣ መልእክት የሚልክ ወይም መስኮት የሚዘጋ ምንም ነገር ከምልክት ጋር አታያይዙ። ኪቦርዱ ላይም ሁሉንም በአንዴ የሚያቆም አንድ ቁልፍ አስቀሩ፤ ከርሰሩ በራሱ መንዳት በጀመረ ጊዜ ማውሱ ራሱ በእጃችሁ ላይ አይታዘዝም።